የመረጃ ጎተራው በር፦ በኔትወርክ የተያያዘ ማከማቻ የመግቢያ ማረጋገጫ እንዴት ይሠራል?

በገጠር መሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ትልቅ ለውጥ እየታየ ነው። ቀድሞ በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በወፋፍራም መዝገቦች ይሰፍር የነበረው የአርሶ አደሩ ይዞታ ዛሬ በካርታ ተደግፎ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ የእያንዳንዱ ማሳ ወሰን ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ይለያል፤ ባለይዞታው፣ አዋሳኙና የማሳው ስፋት ተመዝግቦ በብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ውስጥ ይቀመጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአባላት ዕጣ፣ የቁጠባና የብድር ሒሳብም ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገረ ነው።

የወረቀት መዝገብን አዛብቶ የሌላውን ማሳ የራሱ ለማድረግ የፈለገ ሰው ክፍሉን መክፈት፣ ገጽ መቅደድ ወይም ጽሑፍ መፋቅ ነበረበት። ይህ ሁሉ ምልክት ይተዋል። በኔትወርክ ላይ የተቀመጠ መዝገብ ግን በሩ በአግባቡ ካልተዘጋ ክፍሉን ሳይረግጡ ሊነበብ፣ ሊቀየር ወይም ሊጠፋ ይችላል። ውርስ፣ ስጦታ፣ የመሬት ኪራይና የወሰን ክርክር ሁሉ በመዝገቡ የሚፈታ በመሆኑ፣ የዚያ በር አዘጋግ የኮምፒውተር ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ በኔትወርክ የተያያዘ የመረጃ ማከማቻ የሚያንኳኳውን ማንነት የሚያጣራበትን መንገድ፣ የማጣሪያውን ጥንካሬና ወሰኑን ያብራራል።

ማከማቻው ከኮምፒውተሩ ሲለይ

አንድ ጽሕፈት ቤት ሥራውን ሲጀምር መረጃውን በአንድ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። መረጃው ሲበዛና ተጠቃሚው ሲጨምር ግን ዲስኮቹን በአንድ ሳጥን ሰብስቦ በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት የተሻለ ይሆናል። አንዱ ኮምፒውተር ቢበላሽ መረጃው አይጠፋም፤ ቦታ ሲያንስም ዲስክ መጨመር ይቻላል።

እንዲህ ያለው ማከማቻ በሁለት መንገድ ያገለግላል። አንደኛው ፋይል ማጋራት ሲሆን፣ ሠራተኛው አቃፊውን ከፍቶ የሚፈልገውን ሰነድ ያወጣል። ሁለተኛው ማከማቻው ከዲስኮቹ የተወሰነ ክፍል ቆርሶ ለአንድ ሰርቨር የሚሰጥበት መንገድ ነው፤ ሰርቨሩ ያንን ክፍል በራሱ ሆድ ውስጥ እንዳለ ዲስክ ይጠቀምበታል። የመረጃ ቋቶች በብዛት የሚያርፉት በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው።

ለሁለተኛው መንገድ በስፋት የሚያገለግለው ቋንቋ አይስካዚ ይባላል። ለዲስክ የሚሰጡ የ“አንብብ” እና “ጻፍ” ትእዛዞችን በተራ የኢንተርኔት ኔትወርክ ላይ ያጓጉዛል። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ መመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን በ2014 ተሻሽሏል። ጥቅሙ ልዩና ውድ ገመድ ሳያስፈልግ ጽሕፈት ቤቱ ባለው መስመር መሥራቱ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ዲስኩ በኮምፒውተሩ ውስጥ ሳለ ሊደርስበት የሚችለው ኮምፒውተሩን የነካ ሰው ብቻ ነበር፤ በኔትወርክ ላይ ሲወጣ ግን በዚያው መስመር ላይ ያለ ማንኛውም መሣሪያ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል።

ጉዳቱ የግድ ከክፉ ሐሳብ ብቻ አይመጣም። ለአንድ ሰርቨር የተሰጠን የዲስክ ክፍል ሌላ ሰርቨር በስሕተት ከፍቶ ቢጽፍበት፣ ሁለቱ አንዱ ስለሌላው ሳያውቁ ስለሚጽፉ የፋይሎቹ አደረጃጀት ይፈርሳል። የመግቢያ ማረጋገጫ እንግዲህ ሌባን ብቻ ሳይሆን በር የተሳሳተን ባልደረባም ይመልሳል።

ስም መናገር ማንነትን አያረጋግጥም

በአይስካዚ እያንዳንዱ ሰርቨርና ማከማቻ የራሱ መጠሪያ አለው። ሰርቨሩ ሲገናኝ በቅድሚያ ስሙን ይናገራል፤ ማከማቻውም ስሙ በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያያል። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ብቻ ይረካሉ። ነገር ግን ስሙ በሰርቨሩ ላይ በጽሑፍ የገባ ቃል እንጂ በመሣሪያው ላይ የታተመ ማኅተም አይደለም። ማንም የኮምፒውተር ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ሰርቨር ስም በራሱ መሣሪያ ላይ መጻፍ ይችላል። በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በር ላይ ቆሞ “እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ” ያለን ሁሉ እህል ጭኖ እንዲሄድ እንደ መፍቀድ ነው።

በኔትወርክ አድራሻ መለየትም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ አድራሻም ሊቀየርና ሊመሰል ይችላልና። የስምና የአድራሻ ዝርዝር ሥራን ለማደራጀት ይጠቅማል፤ እንደ ማንነት ማስረጃ ግን ሊቆጠር አይገባም። ማስረጃ የሚሆነው እውነተኛው ሰርቨር ብቻ የሚያውቀውን ነገር ማወቁን ሲያሳይ ነው።

ምሥጢሩን ሳይናገሩ ማወቅን ማሳየት

በቀድሞ ዘመን የሌሊት ዘብ በጨለማ የሚመጣውን ሰው “የይለፍ ቃል!” ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ የምንጽፈው ምሥጢራዊ ቃልም በዚሁ ስም ይጠራል። የዘቡ ዘዴ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው፦ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደብቆ ያደመጠ ጠላት ቃሉን ሰምቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ሊናገረው ይችላል። ኔትወርክም እንደ ጨለማው መንገድ ነው። በመስመሩ ላይ አድፍጦ የሚያዳምጥ መሣሪያ፣ የይለፍ ቃሉ በግልጽ ከተላከ ይይዘዋል።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በአይስካዚ የሚያገለግለው ዘዴ ቻፕ ይባላል። ስሙ ሲፈታ በጥያቄና መልስ የሚፈጸም የመግቢያ ማረጋገጫ ማለት ነው። ዘዴው በመጀመሪያ የተዘጋጀው በስልክ መስመር ለሚደረግ ግንኙነት ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት መመሪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ነው። አይስካዚም ለማከማቻ ሥራ ተቀበለው።

አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት። አስቀድሞ ባለሙያው አንድ ምሥጢር በሰርቨሩም በማከማቻውም ላይ ያስገባል። ሰርቨሩ ለመግባት ሲጠይቅ ማከማቻው ምሥጢሩን አይጠይቀውም፤ በዚያች ቅጽበት ያመነጨውን፣ ከዚህ በፊት ያልተጠቀመበትን የዘፈቀደ ቁጥር ይልክለታል። ይህ ጥያቄው ነው። ሰርቨሩ የተላከለትን ቁጥርና የሚያውቀውን ምሥጢር በአንድ የሒሳብ ቀመር አዋሕዶ ውጤቱን ብቻ ይመልሳል። ይህ መልሱ ነው። ማከማቻው በበኩሉ ያንኑ ሒሳብ ሠርቶ ሁለቱን ውጤቶች ያስተያያል። ከተስማሙ በሩ ይከፈታል፤ ካልተስማሙ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ቀመሩ የሚሠራው እንደ ወፍጮ ነው። ጤፍና ማሽላ በተመሳሳይ መጠን ተቀላቅሎ ሲፈጭ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ዱቄት ይወጣል፤ ከዱቄቱ ተነሥቶ ግን እህሉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። በመስመሩ ላይ ያደመጠ ሰው ጥያቄውንና መልሱን ያያል፤ ምሥጢሩን ግን አያይም። የሰማውን መልስ በማግሥቱ ይዞ ቢመጣም አይጠቅመውም፤ ማከማቻው ሌላ ቁጥር ስለሚጠይቀው የትናንቱ መልስ የዛሬውን ጥያቄ አይመልስምና።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው የዲስክ ትእዛዝ አንድም ሳይተላለፍ ነው። በአይስካዚ የመግቢያው ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ ሰርቨሩ አንድ ፊደል እንኳ ማንበብም ሆነ መጻፍ አይፈቀድለትም። ማረጋገጫው በበሩ ላይ የሚቆም በመሆኑ ያልታወቀ እንግዳ ወደ ጎተራው ሳይደርስ ይመለሳል።

ማከማቻውም ማንነቱን ያሳይ

እስካሁን የተገለጸው ሰርቨሩ ራሱን ለማከማቻው የሚያስረዳበት የአንድ ወገን ማረጋገጫ ነው። ነገር ግን ተቃራኒውም ማታለል አለ። አንድ አጭበርባሪ በኔትወርኩ ላይ የማከማቻውን አድራሻ የሚመስል መሣሪያ ቢያቆም፣ ሰርቨሩ መዝገቡን ወደዚያ ሊጽፍ ወይም ከዚያ የተበረዘ መረጃ ሊያነብ ይችላል። አርሶ አደሩ ግብር የሚሰበስበው ሰው መታወቂያውን እንዲያሳየው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ሰርቨሩም “አንተስ ማን ነህ?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ለዚህ የሁለትዮሽ ቻፕ የሚባለው አለ። ማከማቻው ሰርቨሩን ከጠየቀ በኋላ፣ ሰርቨሩ ደግሞ የራሱን ቁጥር ልኮ ማከማቻውን ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ለሁለቱ አቅጣጫዎች አንድ ዓይነት ምሥጢር መጠቀም አይፈቀድም። ምሥጢሩ አንድ ከሆነ አጭበርባሪው የቀረበለትን ጥያቄ መልሶ ለጠያቂው በመላክ መልሱን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሊቀበል ይችላልና።

አጭር ምሥጢር ረጅም ጸጸት

ቻፕ ምሥጢሩን በመስመር ላይ ባያወጣውም፣ ምሥጢሩ ደካማ ከሆነ ሌላ መንገድ ይቀራል። አድማጩ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ከያዘ በኋላ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ እየገመተ ይሞክራል። ስድስት አኃዝ ያለው ምሥጢር 1 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ አለው፤ ተራ ኮምፒውተር ይህን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ሊሞክረው ይችላል። የጽሕፈት ቤቱን ስም፣ የከተማውን ስም ወይም ዓመተ ምሕረትን ምሥጢር ማድረግም ከዚህ አይሻልም።

በዚህ ምክንያት የአይስካዚ መመሪያ በተመሰጠረ መስመር ላይ ካልሆነ በስተቀር ምሥጢሩ ቢያንስ 96 ቢት፣ ማለትም 12 ባይት እንዲሆንና በዘፈቀደ እንዲመረጥ ያዝዛል። በዊንዶውስ ላይ ያለው የአይስካዚ ፕሮግራምም በእንዲህ ያለ ሁኔታ ከ12 እስከ 16 ፊደላት ያለው ምሥጢር ይጠይቃል። ይህን ምሥጢር ሰው በየቀኑ ስለማይጽፈው ለማስታወስ ቀላል እንዲሆን መምረጥ አያስፈልግም፤ ኮምፒውተር ያመነጨው ቅጥ የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ሰርቨርም የተለየ ምሥጢር መስጠት ይገባል፤ አንዱ ቢጋለጥ ሌሎቹ እንዲተርፉ።

ቻፕ ሲዘጋጅ የተመረጠው ኤምዲ-5 የተባለ ቀመር ዛሬ እንደ አርጅቶ ይታያል። በአዳዲስ ማከማቻዎች ላይ ኤስኤችኤ-256ን የመሰለ የተሻለ ቀመር ካለ እርሱን መምረጥ ይመከራል። ሌላው ድክመት ምሥጢሩ በሁለቱም ወገኖች ዘንድ ተመልሶ ሊነበብ በሚችል መልክ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩና ማከማቻው ያሉበት ክፍል ቁልፍ፣ የቅንብር ፋይሎቹ ቅጂም ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል።

ማረጋገጫው የማይሠራው ሥራ

ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ነጥብ እዚህ ላይ መለየት አለበት። ማረጋገጥ ሌላ፣ መመስጠር ሌላ ነው። ቻፕ በሩ ላይ “ማን ነህ?” ይላል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ በመስመሩ ላይ የሚጓዘውን መረጃ ግን አይሸፍነውም። በመስመሩ ላይ ያደፈጠ መሣሪያ ምሥጢሩን ባያገኝም የሚያልፈውን የይዞታ መዝገብ ሊያነብ ይችላል። መሐል ገብቶ የተከፈተውን ግንኙነት መንጠቅ የሚችል አጥቂ ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሄዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የማከማቻውን መስመር ከሠራተኞችና ከእንግዶች ኔትወርክ መለየት ነው፤ በተለየ ገመድና ስዊች ወይም በስዊቹ ላይ በሚደረግ ክፍፍል ይፈጸማል። ሁለተኛው መረጃው ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ወይም ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ ከሆነ አይፒሴክ በተባለው የምስጠራ ዘዴ መሸፈን ነው።

የአቃፊ ማከማቻዎችስ?

ሠራተኞች ሰነድ የሚጋሩባቸው የፋይል ማከማቻዎች የሚጠይቁት ሰርቨሩን ሳይሆን ሰውን ነው። በዚህ ረገድ ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የተፈለሰፈው ከርበሮስ ነው። ሠራተኛው ጠዋት አንድ ጊዜ ለማእከላዊ መርማሪ ማንነቱን ያስረዳና የጊዜ ገደብ ያለው ቲኬት ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ለማከማቻው የሚያሳየው ቲኬቱን እንጂ የይለፍ ቃሉን አይደለም። ቲኬቱ በሰዓት ስለሚሠራ የኮምፒውተሮቹ ሰዓት መስማማት አለበት፤ በተለመደው አቀማመጥ ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ከበለጠ መግባት ይከለከላል። መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱ የሚዛባ አሮጌ ኮምፒውተር “የይለፍ ቃሌ ትክክል ሆኖ ሳለ አልገባም አለኝ” የሚያሰኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ዘንድ የተለመደው ኤንኤፍኤስ የተባለ የፋይል ማጋሪያ ደግሞ በቀላሉ አቀማመጡ ተጠቃሚው የሚልከውን የመለያ ቁጥር እንዳለ ያምናል። ይህም ከላይ እንደታየው ስምን እንደ ማንነት መቀበል ነው። ኤንኤፍኤስ ከከርበሮስ ጋር ሲጣመር ግን ይህ ክፍተት ይዘጋል።

ከዓለም የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የደኅንነት ፈታሽ በኢንተርኔት ላይ ባደረገው ፍለጋ ከ13,000 በላይ የአይስካዚ ማከማቻዎች ያለ ይለፍ ቃል ለማንም ተከፍተው መገኘታቸው ተዘግቧል። በእነዚህ ላይ ማንም ቻፕን አልሰበረም፤ ቻፕ አልበራም ነበር። አይስካዚ ያለ ማረጋገጫም እንዲሠራ ስለሚፈቅድና በብዙ ማከማቻዎች ላይ ማረጋገጫው ባለሙያው ካላበራው በስተቀር ስለማይሠራ፣ ሥራው ሳይቋረጥ በሩ ክፍት ሆኖ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ነገር መሥራቱ በሩ መዘጋቱን አያመለክትም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሲኖሎጂ የተባለው የማከማቻ አምራች ደንበኞቹን አስጠንቅቆ ነበር። አጥቂዎች የተለመደውን የአስተዳዳሪ ስም ይዘው የይለፍ ቃሉን በተከታታይ በመገመት ወደ ማከማቻዎች ገብተው መረጃውን ከቆለፉ በኋላ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ኩባንያው የተጠቃው የሥርዓቱ ስንጥቅ ሳይሆን ደካማ የይለፍ ቃል መሆኑን ገልጾ፣ የተለመደውን የአስተዳዳሪ ስም እንዲዘጉ፣ ጠንካራ ቃል እንዲመርጡና የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲያበሩ መክሯል።

ጽሕፈት ቤቶች ሊፈትሹት የሚገባ

ከእነዚህ ሁለት ክስተቶች የሚወሰደው ትምህርት ውድ መሣሪያ መግዛትን አይጠይቅም። የሚከተሉት ነጥቦች በአንድ ቀን ሊፈተሹ ይችላሉ፦

• በማከማቻው ላይ ቻፕ በርቷል? የሁለትዮሹስ? ማከማቻው ያሉትን የዲስክ ክፍሎች ዝርዝር የሚሰጥበት የፍለጋ በርም የራሱ ማረጋገጫ ስላለው እርሱም መታየት አለበት።

• ምሥጢሮቹ ከ12 ፊደላት ያላነሱ፣ በዘፈቀደ የተመረጡና ለየሰርቨሩ የተለያዩ ናቸው?

• አይስካዚ የሚጠቀምበት 3260 ቁጥር በር ከኢንተርኔት በኩል ተዘግቷል?

• ከፋብሪካ ጋር አብሮ የመጣው የአስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል ተቀይሯል?

• ሥራ የለቀቀ ወይም የተዛወረ ባለሙያ የሚያውቃቸው ምሥጢሮች ተለውጠዋል?

• ያልተሳኩ የመግቢያ ሙከራዎች ይመዘገባሉ? መዝገቡንስ የሚያነበው አለ?

• ከኔትወርኩ ተለይቶ የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ አለ? የተፈቀደለት ሰው የሚሠራውን ስሕተት ማረጋገጫ ሊያስቀር አይችልምና።

ጉዳዩ በሕግም የታሰረ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። የመጀመሪያው ሰባሪውን ሲያስጠይቅ፣ ሁለተኛው በሩን ክፍት የተወውን ያስጠይቃል።

አርሶ አደሩ ስለ ቻፕም ሆነ ስለ ከርበሮስ ማወቅ አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ የማሳው ወሰን በኮምፒውተር ተመዝግቧል በተባለ ጊዜ “መዝገቡን የሚከፍተው ማን ነው? መቀየሩስ በምን ይታወቃል?” ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይህን ጥያቄ ያለ ማመንታት የሚመልስ ጽሕፈት ቤት የበሩን መዘጋት ያየ ነው፤ መልስ የሚቸግረው ግን ጎተራውን ሳይውል ሳያድር ሊፈትሽ ይገባል።